ድሪቶ በሁለት ቀለም

በአገራችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ክብር የለውም። ደረተ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ እየጣፈ ሰፋ ማለት ነው፤ ድሪቶም በዚያ ስፌት የተገኘው ልብስ ነው። የሚለብሱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ነው፤ እርሱ ይመሰገንበታል። ሁለተኛው ሌላ የሚለብሰው ያጣ ድኃ ነው፤ እርሱ ያፍርበታል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቁ እናቶች እንኳ የእጃቸውን ሥራ ሰው ፊት አያወጡትም ነበር። ያረጀ ቀሚስ፣ መሐሉ የሳሳ አንሶላ፣ ጉልበቱ የተበሳ የልጅ ሱሪ እየተገጣጠመ ይሰፋና ልጆች ሌሊት ይደርቡታል፤ እንግዳ ሲያድር ግን ጋቢው ይወጣል፣ ድሪቶው ይሸሸጋል።

ይህን የተሸሸገ ሙያ እዚህ ጆሐንስበርግ ላይ እንደገና ማንሣታችን በብርዱ ምክንያት ነው፤ እራፊውም በእጃችን ስላለ ነው።

ብርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። እዚህ ወሩ ያው ሰኔና ሐምሌ ሆኖ ዝናቡ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቀን ፀሐይዋ ታታልላለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ወደ ዜሮ የሚወርድበትም ሌሊት አለ። አብዛኛው ቤት ደግሞ ማሞቂያ የሌለው፣ ግድግዳው ጡብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በ2022 እና በ2023 መብራት በየቀኑ ለሰዓታት ይጠፋ በነበረበት ጊዜ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ ፈረንጆች ነው) የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የገዛውም ያልገዛውም እኩል ሆነው አደሩ። በመሐሉ የቡና ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ይህን ማንም አያድርገው። የከሰል ጭስ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል፤ በዚህ አገርም በየክረምቱ በዚህ ምክንያት የሚሞቱ ሰዎች ዜና ይሰማል። ተጨማሪ ድርብ ልብስ ግን ማንንም አልገደለም።

የሚገርመው ነገር የብርድ ልብስ ነጋዴዎቹ እኛው ራሳችን መሆናችን ነው። ስንቱ ወገናችን ነው በዚህ አገር ኑሮውን አንድ ብሎ የጀመረው ብርድ ልብስ፣ አልጋ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ እየዞረ በዱቤ በመሸጥ! ጄፒ ዛሬ የመንገዱ ስም ራሂማ ሙሳ ተብሏል። ራሂማ ሙሳ ነሐሴ 9 ቀን 1956 የፓስ ሕግን በመቃወም ወደ ፕሪቶሪያ የተጓዘውን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ናቸው፤ በየዓመቱ በብርዱ ማገባደጃ የምናርፍበት የሴቶች ቀንም የዚያ ሰልፍ መታሰቢያ ነው። ስሙ ቢለወጥም እኛ ጄፒ ማለታችንን አልተውንም። እዚያ ከሜዲካል አርትስ ሕንፃ ጀምሮ በየፎቁ ጨርቅ ይሸጣል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል። መጋረጃ በልክ የሚሰፋው፣ ሱሪ የሚያሳጥረው፣ ቀሚስ የሚያጠበው ልብስ ሰፊ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ጠርጎ የሚጥለው እራፊ አለ። ያን እራፊ «ለምን ፈለግሽው?» ሳይል የሚከለክል ልብስ ሰፊ ያለ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ከነገሩት ደግሞ በከረጢት ሰብስቦ ያቆያል።

የሁለት ቀለም ነገር

አንድ ሰው ድሪቶ ሊሰፋ ቢነሣ ሥራውን የሚያበላሽበት አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ አይደለም፤ ቀለሙ ነው። ያገኘውን ሁሉ ሲገጣጥም አበባው፣ መስመሩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው እርስ በርሱ ይጣላል፤ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ያን ጊዜ ነው ልብሱ «ከቸገረው ሰው ቤት የወጣ» የሚመስለው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለት ቀለም ብቻ መምረጥ፤ በተመረጡት ሁለት ቀለሞች ውስጥ ግን ያለ ስስት መሰብሰብ። ሰማያዊና ነጭ ከተባለ ሰማያዊው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የጂንስ ሱሪ እግር፣ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም፣ የሥራ ቱታ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ፣ ጠቃጠቆ ያለበት ቀሚስ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው። ነጩም እንዲሁ፦ አቡጀዲ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የሸሚዝ ጀርባ፣ ወተት የሚመስለው፣ ወደ ግራጫ የሚያደላው። ሃምሳ ዓይነት ሰማያዊና ሃያ ዓይነት ነጭ አንድ ላይ ሲሰፉ ከሩቅ ሁለት ቀለም ብቻ ይታያሉ፤ ቀረብ ሲባል ግን እያንዳንዱ እራፊ የራሱን ታሪክ ያወጣል። ሸማኔዎቻችን ይህን ምሥጢር ቀድመው ያውቁታል። ጃኖ ነጭና ቀይ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጃኖ ለብሶ የቆመን ሰው ማን ድኃ ይለዋል?

ዋናው ፍርድ የቀለሙ ስም ሳይሆን ጠቆር ማለቱና ነጣ ማለቱ ነው። እራፊው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሲያጠራጥር መሬት ላይ ጥሎ ሦስት እርምጃ ርቆ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው። ዛሬ በሁሉም እጅ ባለው ስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይቻላል፤ ፎቶግራፉ ያለ አድልዎ ይፈርዳል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው መካከለኛ እራፊ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሌላ ይቀመጥ። ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የታተመ ጨርቅ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ የነጣ ነው። ነጭ ያነሰበት ሰው የደበዘዘውን ጀርባ ወደ ላይ አድርጎ ቢሰፋው ማንም አይከሰውም።

ሰማያዊና ነጭ፣ ቀይና ነጭ፣ ቡናማና ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ ሁሉም ይሆናሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካልሆነ የሚሉ ወዳጆች አሉን፤ እነርሱን ባንዲራውን ለበዓል ቀን እንተወው እንላቸዋለን።

የዚህ አገር ሰማያዊ

ሰማያዊና ነጭን ለጀማሪ የምንመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖርበት አገር ራሱ የዚህ ቀለም አገር ነው። በሠርግና በበዓል የባሶቶና የኮሳ ሴቶች ለብሰውት የምናየው፣ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ደቃቅ ነጭ ነጠብጣብና አበባ የታተመበት ጨርቅ ሽዌሽዌ ይባላል። ስሙ የባሶቶን ሕዝብ ካቆሙት ከንጉሥ ሞሽዌሽዌ አንደኛ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1840ዎቹ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ይህን ዓይነት ጨርቅ ለንጉሡ በስጦታ እንዳቀረቡላቸው ይነገራል። በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ምሥራቅ ኬፕ የመጡ ጀርመኖችም ተመሳሳይ ሰማያዊ ልብስ ይለብሱ ስለነበር የኮሳ ሴቶች «ኡጃማኒ» ብለውታል፤ የጀርመን እንደማለት ነው።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። ነጩ አበባ በሰማያዊው ላይ የተቀባ ቀለም አይደለም። ጨርቁ በሙሉ ሰማያዊ ከተነከረ በኋላ ቅርጽ በተቀረጸበት የመዳብ ከበሮ ሥር ያልፋል፤ ከበሮው ላይ ያለው ደካማ አሲድ በነካበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊው እየለቀቀ ነጩ ይወጣል። ብዙ ዘመን ጨርቁ ከአውሮፓ በመርከብ ይመጣ ነበር። በ1982 ዳ ጋማ ቴክስታይልስ የተባለው ፋብሪካ ያን ጊዜ ኪንግ ዊልያምስ ታውን ይባል በነበረው ከተማ አጠገብ በዝዌሊትሻ ማተም ጀመረ። በ1992 ደግሞ ስሪ ካትስ (ሦስት ድመት) የሚባለውን የእንግሊዝ ምልክት የማተም መብት ገዝቶ የመዳብ ከበሮዎቹን በመርከብ ወደዚህ አገር አስመጣ።

ይህን የምንተርከው ለወሬ ብቻ አይደለም። ሽዌሽዌ ገዝቶ የሚሰፋ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ አለበት። መጀመሪያ፣ እውነተኛው ሽዌሽዌ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሰፊ ጨርቅ የለመደ ሰው ሒሳቡ ይሳሳትበታል። ሁለተኛ፣ አዲስ ሲሆን በስታርች የደረቀ፣ እንደ ካርቶን የሚንኮሻኮሽ ነው። ነገሩ የድሮ ነው፤ ጨርቁ በረጅሙ የባሕር ጉዞ እንዳይበላሽ በስታርች ይደርቅ ነበር ይባላል። የዚህ አገር ባልቴቶች አስመስሎ የተሠራውን ከእውነተኛው የሚለዩት በማሽተትና ጫፉን በምላስ በመቅመስ ነው፤ ጨው ጨው ይላል። ሲታጠብ ይለሰልሳል። ሦስተኛ፣ ሲታጠብ ሰማያዊውን ይለቃል፣ ይሸበሸባልም። ሳይታጠብ ከነጭ አቡጀዲ ጋር የተሰፋ ሽዌሽዌ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ሁሉ ሰማይ አስመስሎት ይገኛል።

ጨርቅ ለመግዛት ፎርድስበርግ የሚገኘው ኦሪየንታል ፕላዛ ከጄፒ ሩቅ አይደለም። ያም ገበያ የራሱ የመፈናቀል ታሪክ አለው። የአፓርታይድ መንግሥት በቡድን መኖሪያ ሕግ መሠረት የሕንድ ነጋዴዎችን ፔጅቪው ከነበረው 14ኛ ጎዳና አፈናቅሎ በ1970ዎቹ ያስገባቸው እዚያ ነው። ቁርጥራጭ በቅርጫት ከተሸጠ ከሙሉው ጨርቅ ይረክሳልና መጠየቅ ነው።

ሌሎችም ሠርተውታል

ድሪቶ የእኛ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ ትንሽ ራቅ ብለን እንይ። በሰሜን ጃፓን ጥጥ ብርቅ በነበረበት ዘመን ገበሬዎች ሰማያዊ እራፊ በእራፊ ላይ እየደረቱ ለትውልድ የሚተላለፍ ልብስና መኝታ ይሠሩ ነበር። «ቦሮ» ይሉታል፤ ቡትቶ ማለት ነው። እነርሱም ያፍሩበት ነበር፤ ዛሬ ግን በሙዚየም ይሰቀላል። በአሜሪካ አላባማ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ የባሪያዎች ልጅ ልጆች ከሥራ ልብስና ከጂንስ የሰፉት የአልጋ ልብስ በ2002 በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታይቷል። በዚያው ከተማ በ2011 ቀይና ነጭ ብቻ የሆኑ 651 የአልጋ ልብሶች፣ ሁሉም የአንዲት ሴት ስብስብ፣ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ለስድስት ቀን ተሰቅለው ነበር። አሜሪካኖቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀይና ነጭን የወደዱበት ምክንያት የቤት እመቤት ምክንያት ነው። ያን ጊዜ «የቱርክ ቀይ» የሚባለው ቀለም ታጥቦ የማይለቅ ብቸኛ ቀይ ነው ለማለት ይቻል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን የሲዲዎች ነገር ነው። በሕንድ ካርናታካ በሚባለው ግዛት ጫካ አካባቢ የሚኖሩ፣ አባቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት ተወስደው የሄዱ ሕዝቦች ናቸው። ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሰው «ሐበሺ» ይሉታል። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በ1600ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ሕንድ ደካን ጦር እየመራ መንግሥት ያስተዳደረው ማሊክ አምባርም ከዚያ ስም ጋር ይነሣል። የካርናታካ ሲዲ ሴቶች ካዋንዲ የሚባል ድሪቶ ይሰፋሉ። አሮጌ የጥጥ ሳሪ ገበር አድርገው ይዘረጉና ከአንድ ማዕዘን ጀምረው እራፊውን እየደረቡ ዙሪያውን በእጅ ስፌት እየዞሩ ወደ መሐል ይገባሉ። ሲጨርሱ በአራቱም ማዕዘን ላይ «ፑላ» (አበባ) የሚሉትን ባለ ሦስት ማዕዘን እጥፋት ይጨምራሉ፤ ያለዚያ ድሪቶው ራቁቱን ነው ይላሉ። አገራቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ ስማቸውን የተቀሙ ሰዎች ልብስ ሲሰፉ ለማዕዘኑ አበባ አለመርሳታቸው ይህን ጸሐፊ ሁልጊዜ ያስደንቀዋል።

አሠራሩ

ከዚህ በታች ያለው ለአንድ ሰው አልጋ የሚበቃ፣ 150 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው። የስፌት መኪና ካለ ፈጣን ነው፤ ከሌለ በእጅም ይሰፋል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ።

ከሁሉ በፊት ጨርቁ ሁሉ ይታጠባል። ጥቁሩ ለብቻ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይለቀለቃል። ከዚያ እርጥቡን ሰማያዊ ወይም ቀይ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ጫን ብሎ ማየት ነው፤ ነጩ ከተነካ እንደገና ይታጠባል። ሦስት ጊዜ ታጥቦ አሁንም የሚለቅ ቀይ ካለ ወደ ሥራው አይግባ፤ የዚያ ዓይነት ቀይ ንስሐ አይገባም። ሲደርቅ በካውያ ይተኮሳል። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ሹራብና ካናቴራ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጠርዙ እየተንጋደደ ያስቸግራል።

ከካርቶን 13 በ13 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይቆረጥና እርሱን እያስቀመጡ 150 ጥቁር፣ 150 ነጭ ቁራጭ ይወጣል። ከሸሚዝ ኪስ፣ ከክንድ፣ ከጀርባ ስንት እንደሚወጣ ሲያዩ ይገረማሉ። ሁሉንም በአዲስ ጨርቅ ልሥራ የሚል ሰው 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው ሽዌሽዌ ከ3 ሜትር ተኩል በታች፣ 150 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው አቡጀዲ 2 ሜትር ይበቃዋል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ጨርቅ ብቻ ከሆነ የድሪቶው ነፍስ ይጠፋል፤ ቢያንስ ግማሹ እራፊ ይሁን።

አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ፊት ለፊት ይገጠማሉ። በነጩ ጀርባ ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በእርሳስ ሰያፍ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሦስት ሩብ ሳንቲ ሜትር (ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል) እየራቁ ሁለት ጊዜ ይሰፋል፤ ከዚያ በመስመሩ ላይ በመቀስ ይቆረጣል። ሁለት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆነ አራት ማዕዘን ነው። በመኪና የሚሰፋ ሰው ክሩን በየቁራጩ መበጠስ የለበትም። አንዱን ከአንዱ እያስከተለ እንደ ጨሌ ደርድሮ ሰፍቶ በመጨረሻ መለያየት ነው። የስፌቱ ትርፍ ሁልጊዜ ወደ ጥቁሩ በኩል ተኝቶ ይተኮስ፤ ወደ ነጩ ከተኛ ጥላው ያሳብቃል። ቀጥሎ እያንዳንዱ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል በ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ ይስተካከላል። ይህን ማስተካከል ሰነፍ የሚዘለው ሥራ ነው፤ የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ማዕዘን ከማዕዘን አልገጥም ብሎት ይቀመጣል።

150ው ጥንድ 300 ቁራጭ ይሆናል። በአንድ ማታ አምስት ጥንድ የሰፋ ሰው በአንድ ወር ይጨርሳል። ባል ለሥራ ሎኬሽን ወርዶ የሚያድርባቸው ቤቶች አሉ፤ ቋንቋ ገና ያልለመደች፣ መንገዱን የምትፈራ እኅት ከሕፃን ጋር ብቻዋን የምታመሽባቸው ቤቶች። ለእርሷ ይህ ሥራ ከቴሌቪዥን ይሻላታል። ሁለት ሦስት ሆነው ቡና አፍልተው ቢሰፉት ደግሞ ወሩ ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል።

አሁን ደስታው ይመጣል። 300ው ቁራጭ መሬት ላይ 15 በ20 ሆኖ ይደረደራል። ጥቁሩን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞሩት የመጋዝ ጥርስ ይወጣል፤ እያፈራረቁ ካዞሩት እባብ የመሰለ መንገድ ይሆናል፤ ከመሐል ጀምረው እየዞሩ ካሰፉት የመሶብ ክዳን ላይ የምናውቀው ጌጥ ይወጣል። ይህ ጸሐፊ መሶቡን ይመርጣል። ልጆች ካሉ ለእነርሱ መተው ነው፤ እነርሱ እያዞሩ እኛ «ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች» ስንል አማርኛውም ይለመዳል። አንድ ዓይነት እራፊ ጎን ለጎን እንዳይወድቅ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ከዚያ በየረድፉ ይሰፋል፤ ረድፎቹም እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ።

ለመሐሉ ፈረንጆቹ የተነደፈ ጥጥ ወይም ፖሊስተር ይገዛሉ። እኛ ግን አሮጌ ጋቢ አለን። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ ጥለቱ የተበላ፣ ለሰው የማይሰጥ ጋቢ በየሻንጣው ሥር አለ። ከዚያ የተሻለ መሐል የለም፤ ሙቀቱም፣ ክብደቱም፣ ሽታውም የአገር ነው። መጠኑ ካነሰ ሌላ ቁራጭ ጠርዝ ለጠርዝ ይቀጠልበታል፤ ከተደራረበ ግን እንደ ገመድ ይጎረብጣል። ለገበሩ ከላዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ አንሶላ ይበቃል።

ገበሩ መሬት ላይ ተወጥሮ ይዘረጋል፣ ጋቢው በላዩ፣ የተሰፋው ላይ በላዩ። ከመሐል ወደ ዳር እየዳበሱ ሽብሽቡን ካወጡ በኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። ማያያዣው ሁለት ዓይነት ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ሦስቱንም እያስተላለፈ በነጭ ክር በእጁ ይሰፋዋል፤ የሌለው ሰው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ወፍራም የጥጥ ክር አሳልፎ ሁለት ጊዜ ይቋጥራል። ቋጠሮው አያሳፍርም፤ በቋጠሮ የተያዘ ድሪቶ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ይሞቃል። በመጨረሻ የጋቢው ትርፍ ከላዩ እኩል ይቆረጣል፣ የገበሩ ትርፍ አራት ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ እርሱ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ላይ ይመለስና ዙሪያው ይከፈፋል።

ልሽጠው ወይስ?

ይህን የሚጠይቁ አይጠፉም፤ ነጋዴዎች ነንና። ጄፒ ላይ ከተቆለለው ከቻይና የመጣ አልጋ ልብስ ጋር በዋጋ እወዳደራለሁ ያለ ሰው የወር ድካሙን በአንድ ቀን ይጥለዋል። በትእዛዝ፣ የሥራውን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ ለአራስ፣ ለሙሽራ የሚሆን ትንሽ ድሪቶ የሚፈልግ አለ። ግን መጀመሪያ የራሳችን ቤት ይሙቅ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለመጻፍም ከባድ ነው። በዚህ አገር ሱቁ ውስጥ እንዳለ የተገደለ፣ በመንገድ ላይ የሞተ ወገን ብዙ ነው። በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣውን ጥቃት አንዘነጋውም፤ ከእነዚያ ዓመታት ውጭም ሐዘኑ አልተቋረጠም። ያን ጊዜ ገንዘብ እናዋጣለን፣ አስከሬኑን ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ አዲስ አበባ እንሸኛለን። ልብሱ ግን እዚህ ይቀራል። በደንቡ ለነዳያን ይሰጣል፤ ይህም መልካም ነው። ከመስጠቱ በፊት ሁለት ሸሚዝና አንድ ጂንስ ሱሪ ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ሰማያዊ ሸሚዝ የሌለው ወንድ የለም። ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣው አሮጌ ጋቢ መሐል ገብቶ፣ ነጩን እኛ ከየቤታችን አዋጥተን፣ ለዓመቱ ተዝካር ለእናቱ የሚደርስ ድሪቶ ይወጣዋል። ሦስት አራት ሴቶች፣ ወንዶችም ቢሆኑ፣ በአንድ ወር ይጨርሱታል። ልጅዋ የት እንደኖረ አይታ የማታውቅ እናት የለበሰውን ትዳስሳለች፤ በሰኔ ብርድም ትደርበዋለች።

ለማንም ይሰፋ ለማን፣ በገበሩ ማዕዘን ላይ የሰፊው ስም፣ የተሰፋለት ሰው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና «ጆሐንስበርግ» የሚለው ቃል በፊደላችን በቀይ ክር ይጠለፍ። የመጀመሪያው እጥበት በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይሁን፤ ሳይጠመዘዝ ይጨመቅ፤ ገመድ ላይ በአንድ ጠርዝ ከተንጠለጠለ ይለጠጣልና በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ፣ ጥቁሩ እንዳይነጣ ገበሩ ወደ ፀሐይ ዞሮ ይድረቅ።